ሰማያዊዋ ጣውንት

በክሮይደን የዓመቱ የመጀመሪያ አመዳይ በወደቀበት ቅዳሜ ጠዋት፣ ዳናዊት የአባቷን መኪና ልታስነሳ ስትወጣ በልቧ ‹አትነሺ› እያለች ነበር። ካልተነሳች ለይኽኣሎ ትደውላለች። እሱም ከባተርሲ ድረስ ይመጣል፤ እናቷም መካኒክ በር ላይ ቆመ ብላ ልትቆጣ አትችልም። ዳናዊት ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በሆስፒታል የሰው ጆሮ የምትመረምር ባለሙያ ናት። የምትወደውን ሰው ደጇ ላይ ለማየት ግን የመኪና ብልሽት መመኘት ነበረባት።

በመንገዱ ላይ የቆሙት የጎረቤት መኪኖች ሁሉ ነጭ ለብሰዋል። በቤቱ ጎን የቆመችው ሰማያዊ ሱባሩ ብቻ ራቁቷን ነበረች። ኮፈኗ ላይ አንዲት የአመዳይ ቅንጣት አይታይም። ዳናዊት ጓንቷን አውልቃ ነካችው። ለብ ብሏል።

ገብታ ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ እንደተጠራ ሰው ወዲያው ተነሳች።

መነሳት አልነበረባትም። አባቷ መዝገቡ በሥራ ቀናት ቀይ አውቶቡስ የሚነዳ፣ በእረፍቱ ግን ይህችን መኪና ሞተሯን አስጠንክሮ አሠርቶ ሜዳ ላይ የሚያስሮጥ ሰው ነበር። ጉልበት እንዲሆናት ቤንዚኗን ከኢታኖል ጋር ቀላቅሎ ያጠጣታል። ኢታኖል ያው አልኮል ስለሆነ ‹አረቄዋ› ይለው ነበር። ይህ አረቄ በሙቀት ጊዜ ሞተሩን ቀዝቀዝ አድርጎ ያበረታዋል፤ በብርድ ግን ቶሎ እሳት አይይዝም። ስለዚህ አባቷ ሰመር ሲመጣ አረቄውን ያበዛላታል፣ ዊንተር ሲገባ በቤንዚን ያቀጥንላታል። ከመሪው አጠገብ ያለች ትንሽ ስክሪን በታንኩ ካለው ነዳጅ ከመቶ ስንት እጁ አረቄ እንደሆነ ታሳያለች።

መዝገቡ በጁላይ ሙቀት ልቡ ቆሞ ሲሞት ቁጥሩ ሰማንያ ነበር። ዳናዊት ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልነዳቻትም። አንዳንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ውስጧ ተቀምጣ አባቷን ታዋራዋለች፤ ከዚያ በሩን ዘግታ ወደ ቤት ትገባለች። ታንኩ ውስጥ የነበረው የሰመሩ ነዳጅ እንዳለ ነው።

አሁን ግን ስክሪኑ ላይ ስልሳ የሚል ቁጥር አየች። ስልሳ የአባቷ የዊንተር ልክ ነበር።

ዳናዊት ከመኪናዋ ወርዳ ዙሪያውን አየች። ከጓሮው የዕቃ ማስቀመጫ ሼድ እስከ ነዳጅ መክፈቻው ድረስ በነጩ ሣር ላይ የጫማ ዱካ ተስሏል። ትልቅ የወንድ ጫማ ነው። የቀኙ እግር ጥርት ብሎ ተረግጧል፤ የግራው ተጎትቷል። አባቷ በመጨረሻዎቹ ወራት ግራ እግሩን ይጎትት ነበር። ዱካው ከሼዱ ይመጣል እንጂ ወደ የትም አይመለስም።

«እማ፣ ሌሊት ጓሮ ማን ገባ?» አለች ኩሽና ገብታ።

እናቷ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ጉልበቷን በፎጣ ጠቅልላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። «ማን ይገባል? ቀበሮ ይሆናል።»

«ቀበሮ ጫማ ያደርጋል?»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ያቺን መኪና ከተገዛችበት ቀን ጀምሮ ‹ጣውንቴ› እያለች ነው የኖረችው፤ አንድ ቀን ተሳፍራባት አታውቅም። «ከጣውንቴ ምን ጉዳይ አለኝ?» አለች ቀስ ብላ። ድምጿ ውስጥ ግን ዳናዊት በሥራዋ ደጋግማ የምትሰማው መንቀጥቀጥ ነበር፤ ከማዶ የመጣ ድምፅ በትክክል መስማት አለመስማቱን ያልለየ ሰው መንቀጥቀጥ።

ዳናዊት ያን ጠዋት ወደ ባተርሲ ስትነዳ የኋላ ወንበሩን በመስታወት ለማየት አልደፈረችም።

* * *

የይኽኣሎ ጋራዥ ከባቡር ሐዲዱ ድልድይ ሥር ነው። ባቡር ባለፈ ቁጥር መፍቻዎቹ ግድግዳው ላይ ይንሾካሾካሉ። ይኽኣሎ የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ጦርነቱ ሲነሳ ከአባቱ ከአቶ መንግስተኣብ ጋር ኤርትራውያን ናችሁ ተብለው በአውቶቡስ ተጭነው ሲወጡ ገና ትምህርት ቤት የጀመረ ሕፃን ነበር። አማርኛው እዚያው ዘመን ላይ ቆሟል፤ ዳናዊት ‹የድሮ ሬዲዮ› ትለዋለች። ለዓመታት ከአባቷ ጋር ይህችን መኪና ሲያስተካክሉ አይታዋለች። የተያዩት ግን በለቅሶው ቀን ነው። ሁሉም ሰው ሲያባብላት እሱ ብቻ ምንም ሳይል ውኃ አምጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ ስትጠጣ ብርጭቆውን ከሥር ደገፈላት። ከዚያ ቀን ወዲህ የሌላ ሰው ዝምታ አላጽናናትም።

ጥሩብርሃን ነገሩን ስትሰማ የተናገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ታናሽ ወንድሜ ጦር ሜዳ ቀርቷል። መዝገቡ ከዚያ ልጅ ጋር መኪና ሲያሠራ ዝም አልኩ። ልጄን ግን አልሰጥም።» ከዚያ በኋላ ስሙን አንሥታ አታውቅም።

ይኽኣሎ ጥቂት ነዳጅ ቀድቶ በረጅም ብርጭቆ ውስጥ ከውኃ ጋር ናጠው። ሁለቱም አጎንብሰው ሲያዩ ፈሳሹ ቀስ እያለ ለሁለት ተከፈለ። አልኮሉ ከውኃው ጋር ወደ ታች ወረደ፣ ቤንዚኑ ከላይ ቀረ።

«ስክሪኑ አይዋሽም» አለ። «ሰው የዊንተር ነዳጅ ጨምሮላታል። ልኩን የሚያውቅ ሰው።»

«ልኩን ማን ያውቃል?»

«እሱና እኔ።»

ባቡር አለፈ። ዳናዊት እስኪርቅ ጠበቀች። «አባቴ ቢሆንስ?» አለች፣ እየሳቀች ልትለው አስባ ሳቁ ሳይመጣላት ቀርቶ።

ይኽኣሎ አልሳቀባትም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጉንጯን በጣቱ ጀርባ ነካ አደረገ። «ሙታን ጀሪካን አይሸከሙም፣ ዳናዬ። ግን እስካውቅ ድረስ ብቻሽን አትሁኚ።»

በዚያ ሰሞን ዳናዊት መኪናዋን መንዳት ጀመረች። ከማደያ ተራ ቤንዚን ብቻ ትሞላለች፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ቀኑን በትራም ሥራ ውላ ስትመለስ ግን ኮፈኑ ለብ ብሎ፣ ቁጥሩ ስልሳ ላይ ተመልሶ ታገኘዋለች። አመዳይ ባለ ቁጥር ያው የሚጎተት እግር ሣሩ ላይ ይታያል። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣች። ከዚያ ግን፣ ለማንም ለመናገር እያፈረች፣ ያንን ቁጥር መናፈቅ ጀመረች። ‹እንደምን ዋልክ አባ?› ትለዋለች ስክሪኑን። ፍርሃቷን ሳይቀር ወደደችው።

* * *

አንድ ረቡዕ በሽተኞቿ ስለቀሩ በጊዜ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ቢሆንም ጭጋጉ መብራቶቹን ውጦ ክሮይደንን የመሸባት አስመስሏታል። ከትራሙ ወርዳ ወደ ቤት ስትቀርብ የሞተሩን ድምፅ ሰማች። ሰማያዊዋ መኪና ማንም ሳይገባባት ተነሥታ ቆማለች። ከጀርባዋ በጭጋጉ ውስጥ ጥቁር ቅርፅ ጎንበስ ብሏል።

ዳናዊት ባለችበት ቆመች። ‹አባ› የሚለው ቃል ከአፏ ሳይወጣ ቅርፁ ቀና አለ።

ይኽኣሎ ነበር። በእጁ ጀሪካን ይዟል። የነዳጁ መክፈቻ ተከፍቷል፤ የአረቄው ሽታ ጭጋጉን ሞልቶታል።

«አንተ ነህ?» አለችው።

«ዳና፣ ወደ ቤት ግቢ። ብርድ ነው።»

«ጠየቅኩህ እኮ።»

ዓይኑ ለአፍታ ወደ ኩሽናው መስኮት ሄዶ ተመለሰ። መጋረጃው ተጋርዷል። «የምለው የለኝም» አለ።

«እዚህ ውስጥ ተቀምጬ እንደማዋራው ነግሬሃለሁ። ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ፤ ትረስት አድርጌህ። አንተ ደግሞ የአባቴን ጫማ እየጎተትክ ትጫወትብኛለህ?» ድምጿ ከፍ አላለም፤ ይልቁንም እየቀነሰ ሄደ። «አይደለሁም በለኝ። አንድ ቃል በለኝና አምንሃለሁ።»

ይኽኣሎ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ያየችው ጥፋት ነው ብላ አሰበች። ቆይታ ስታስበው፣ ክብደት የተሸከመ ሰው ፊት ነበር።

«አባቴ የሰጠህን ትርፍ ቁልፍ መልስልኝ።»

ቁልፉን ከቀለበቱ ለማውጣት ጣቱ ብዙ ታገለ። መዳፏ ላይ ሲያስቀምጠው ገና የእጁ ሙቀት ነበረው። ከዚያ ሞተሩን አጠፋላትና በጭጋጉ ውስጥ ሄደ። የእርምጃውን ድምፅ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ሰማችው፤ አንዱንም እግር አልጎተተም። ይህንን ብትሰማም ንዴቷ እንዳታስብበት አደረጋት።

* * *

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ዳናዊት ቤንዚን በሞላች ቁጥር ይቀንሳል፤ የሚመልሰው የለም። አርባ ሆነ፣ ሃያ ሆነ። ሣሩ ላይ ዱካ ጠፋ፤ ኮፈኑም እንደ ጎረቤቶቹ መኪና በረዶ ለብሶ ማደር ጀመረ። ነገሩ እሱ እንደነበረ ማረጋገጫው ይኸው ነው ትላለች ለራሷ። ግን ስክሪኑን ባየች ቁጥር አባቷ አሁንም ገና እየሞተ ያለ ይመስላታል። የመጀመሪያውን ሞት ሰዎች አብረዋት አለቀሱ፤ ይህንን ብቻዋን ታየዋለች።

ከይኽኣሎ አንዲት መልእክት ብቻ ደረሳት። «ብርዱ ሲጠና ባትሪዋን ቼክ አድርጊ» ትላለች። ዳናዊት ደጋግማ አነበበቻት፤ ከመልእክቷ ውስጥ ይቅርታ ፈለገች፣ ውሸት ፈለገች። ሁለቱንም አጣች፤ ያገኘችው አሁንም የሚያስብላት ሰው ነው። ይህ ከሁሉ ይልቅ አናደዳት፣ ከዚያም አስለቀሳት።

ጥሩብርሃን ልጇ ሳህኗን ሳትነካ ስትነሣ ታያለች። ልትናገር ትጀምራለች፤ ጉሮሮዋን ትጠርግና ሳህኑን ታነሣለች። ሌሊት ሌሊት ግድግዳ ለግድግዳ፣ ሁለቱ ሴቶች የየራሳቸውን ዝምታ ያዳምጣሉ።

* * *

ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ዳናዊት የመኪናዋን መስታወት በረዶ ስትፍቅ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች። አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ረጅም ጉተታ። አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ጉተታ። ጆሮዋ እንጀራዋ ነው፤ አትሳሳትም። የአባቷ አረማመድ ነበር። መፋቂያው ከእጇ ወደቀ። መስታወቱ ላይ፣ በፋቀችው ጠባብ ቦታ፣ ጥቁር የለበሰ ሰው ሲቀርብ አየች።

ስትዞር እናቷ ናት። ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባለች። እግሯ ላይ የመዝገቡን ቡናማ ጫማ አጥልቃለች፤ ጫማው ስለሚሰፋትና ጉልበቷን ስለሚያማት ግራ እግሯን ትጎትታለች።

«እማ?»

«ክፈችልኝ» አለች ጥሩብርሃን። «እዚህችው ላይ ልቀመጥ።»

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣውንቷ ላይ ተሳፈረች። «አስነሺያት» አለች። ሞተሩ ሲነሣ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። «ደክማለች።»

ዳናዊት ወደ ጫማው አየች።

«ይህንን ድምፅ ዕድሜ ልኬን ስረግመው ኖርኩ» አለች እናቷ። «እሁድ እሁድ ሲያስጮኻት መስኮት እዘጋ ነበር። ከሞተ በኋላ ቤቱ ጭጭ አለ። አንቺ ሥራ ትሄጃለሽ፤ እኔና ፍሪጁ እንቀራለን። አንድ ቀን ቁልፉን ከመስቀያው አወረድኩና አስነሣኋት። ኩሽና ገብቼ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። ደጅ ያለ መሰለኝ። አሁን እጁን ታጥቦ ለምሳ የሚገባ መሰለኝ።»

«ነዳጁንስ?»

«ብርድ ሲመጣ ስልሳ፣ ሙቀት ሲመጣ ሰማንያ። ገበታ ላይ በተቀመጠ ቁጥር የሚያወራው እሱን አልነበር? የማልሰማ መስዬ እሰማዋለሁ። ከሼዱ የአረቄውን ጀሪካን አመጣና ቁጥሩ እስኪስተካከል ጠብ አደርግላታለሁ። ጫማው በጓሮ በር ላይ ነበር፤ የሱን ሥራ ስሠራ የሱን አጠለቅኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጣውንቴ ስል ኖሬ፣ ሲሞት ላቅፋት? አፈርኩ።» ጥሩብርሃን ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ያን ረቡዕ ጉልበቴ ከድቶኝ ወደቅኩ። ያ ልጅ የሚገባውን ሰው ልይ ብሎ መጥቶ ኖሮ እሱ አነሣኝ። ጀሪካኑን ከእጄ ወሰደ። ‹ለልጄ እንዳትነግራት› ብዬ ለመንኩት። ‹አልነግራትም፣ እትዬ› አለ። ወዲያው አንቺ መጣሽ። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ የተባባላችሁትን ሁሉ ሰማሁ። አንድ ቃል ቢናገር ይድን ነበር። በወንድሜ ደም በር የዘጋሁበት ልጅ፣ አንቺን እስኪያጣ ድረስ የኔን ነውር ሸፈነ። እኔ ደግሞ እናቱ ብሆን የማልችለውን ዝምታ ዝም አልኩበት፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ጀሪካኑን አልነካሁም።»

ዳናዊት መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። ያ ፊት፣ የጥፋት መስሏት የነበረው ፊት፣ መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«አንድ ነገር ግን ልጨምርልሽ» አለች እናቷ፤ ድምጿ ዝቅ አለ። «ያን የመጀመሪያ አመዳይ እኔ አልወጣሁም። ጉልበቴ አሞኝ ከአልጋ አልወረድኩም። አንቺ ወደ ባተርሲ ስትሄጂ ግን የጓሮውን በር ከፍቼ አየሁ። ጫማው ርጥብ ነበር። ሶሉ ላይ ሣር ነበረው። እሱ ከጀመረው እኔ ልቀጥለው አልኩ እንጂ እኔ አልጀመርኩትም።»

ሁለቱም ወደ ኋላ ወንበር አላዩም። ሞተሩ በዝግታ ያንጎራጉራል። ዳናዊት ቆዳዋ ሽምቅቅ ሲል፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ትከሻዋን የደገፋት ያህል ልቧ ረጋ።

«ወደ ባተርሲ ንጂ» አለች እናቷ።

* * *

ይኽኣሎ እሁድ ብቻውን ይሠራል። የመኪናዋን ድምፅ ገና ከማዕዘኑ ለይቶት፣ ሲደርሱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወይዘሮ ጥሩብርሃን በትልቁ ጫማ እየተጎተተች ስትወርድ ሮጦ ክንዷን ያዘ።

«እትዬ፣ እርስዎ በዚህ ብርድ ለምን ወጡ? ቢደውሉልኝ እመጣ ነበር።»

ጥሩብርሃን ክንዱን አልለቀቀችም። «አቶ መንግስተኣብ ደህና ናቸው?» አለችው።

ይኽኣሎ ስለ አባቱ ከዚህች ሴት አፍ ሲጠየቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። «ደህና ናቸው» አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሰላም በልልኝ። አንድ ቀን መጥቼ እጠይቃቸዋለሁ።» ከዚያ ወደ መኪናዋ አገጯን ቀሰረች። «ተራ ቤንዚን ብቻ ሆናለች። ወደ ስልሳዋ መልስልኝ፣ ልጄ።» ይህን ብላ ሁለቱን ደጅ ትታ ማሞቂያው ወዳለበት ገባች።

ዳናዊት ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። «ነገረችኝ» አለች።

«ባትነግርሽ ይሻል ነበር።»

«ላንተ?»

«ለሷ።» ከድልድዩ ሥር ጭጋጉ ቀስ እያለ ይገባል። ይኽኣሎ እጁን ኪሱ ከተተ፤ አልቀረባትም። «ዳና፣ ቁልፍ መልስ ስትዪኝ አልከፋኝም። የከፋኝ ሌላ ነው። እኔ ላልሆን እንደምችል አንድ ደቂቃ አልጠረጠርሽም። ወይ አባትሽ ነው፣ ወይ እኔ አታላይ ነኝ። ከሙት መንፈስ ይልቅ እኔን መጠርጠር ቀለለሽ።»

«አዎ» አለች። ልትከላከል አልፈለገችም። «ቀለለኝ። አንተን ብጠላ ሐዘኑ የሚያልቅልኝ መሰለኝ። ሶሪ ብዬ የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

ባቡር በላያቸው አለፈ፤ መፍቻዎቹ ተንሾካሽከው ጸጥ አሉ።

«እንዴት ቻልከው?» አለችው በመጨረሻ። «ያን ሁሉ ሳምንት። ስምህ በትግርኛ ‹ይቻለዋል› ማለት ነው ብለኸኝ ነበር።»

ይኽኣሎ መሬት መሬት እያየ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ስሙን ያወጣው አባቴ ነው። እኔ መች ቻልኩት? ጠዋት ስነሣ አልችልም፣ ማታ ስተኛ አልችልም። ስልኩን አንሥቼ ‹እኔ አይደለሁም› ብዬ እጽፋለሁ፤ ከዚያ እናትሽ ወድቃ ያየችኝ አስተያየት ትዝ ይለኛል፣ አጠፋዋለሁ። ባትሪ ባትሪ የምለው ሌላ የምለው ስለሌለኝ ነው። አልቻልኩም፣ ዳናዬ። አንድም ቀን አልቻልኩም።»

ዳናዊት ወደ እሱ ሄደች። እጁን ከኪሱ አወጣችው፤ ቀዝቃዛ ነበር፣ አረቄና ብረት ይሸታል። በሁለት እጆቿ መሀል አድርጋ ትንፋሿን ነፋችበት። እሱ ግንባሩን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ፤ ረጅም ትንፋሽ ሲወጣው ደረቷ ላይ ተሰማት። ይቅር እንዳላት አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ከውስጥ የጥሩብርሃን ድምፅ መጣ፤ ትንሽ ጎርነን ያለ፣ ትንሽ የለቅሶ ቅሪት ያለበት።

«ብርድ ነው፤ ግቡ።»

ዳናዊት ቀና አለች። እናቷ እስካሁን ‹ግቢ› ነበር የምትለው፤ ወይ ‹ይሂድ›። ሁለቱን በአንድ ቃል ስትጠራቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ይኽኣሎም ሰምቶታል፤ እጁ በእጇ ውስጥ ጠበቅ ሲል አወቀች። በዚያ ጭጋግ ውስጥ፣ ከስንት ወር በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልፈራችም።